የጓሮ አትክልትና ጤና፦ በአሰላና በአርሲ ደጋ ለሚኖሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው

በአርሲ ደጋ እህል ከገበታ አይጠፋም። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢዋ በስንዴና በገብስ በአገር ደረጃ የታወቀ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረውና ካዱ በሚል ስም የሚታወሰው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ፣ እንዲሁም በአቅራቢያው ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ዳቦው፣ ገንፎው፣ ቂንጬውና ጭኮው ጉልበት ይሰጣሉ። ነገር ግን ሰውነት የሚፈልገውን ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ሲና ፎሌት ከእህል ብቻ በበቂ ሁኔታ ማግኘት አይቻልም። ይህን ክፍተት ከሚሞሉት ምግቦች አንዱ አትክልት ነው፤ አትክልት ደግሞ በጥቂት ሜትር ጓሮ ላይ ሊበቅል ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የጓሮ አትክልት ለጤና ምን እንደሚጠቅም፣ በደጋ አየር ምን እንደሚተከል፣ እንዲሁም ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ምን ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ያስረዳል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ድንች በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።
• ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የጎመንና የቆስጣ አመጋገቡን በድንገት መጨመር ወይም መቀነስ የለበትም።
• የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የትኛውን አትክልት ምን ያህል መብላት እንደሚችል አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።
• በፍሳሽ ውሃ ወይም ባልበሰለ ፍግ ያደገ አትክልት የአንጀት ጥገኛ ትላትልን፣ አሜባንና ታይፎይድን ሊያስተላልፍ ይችላል።
• ጓሮ ሲሠሩ ጫማ ያድርጉ። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ይህ የግድ ነው።
• የጓሮ አትክልት መድኃኒትን አይተካም።

የጓሮ አትክልት ለጤና ምን ይጠቅማል?

አምስት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በቀን 400 ግራም በነፍስ ወከፍ ቢመገብ 2 ኪሎ አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልገዋል። አንዲት ትንሽ መደብ ይህን ሁሉ አትሸፍንም። ጥቅሟ ሌላ ነው፤ ገበያ ባልተወጣበት ወይም ገንዘብ ባጠረበት ቀን ከደጃፍ የሚቀነጠስ ትኩስ ቅጠል እንዲኖር ታደርጋለች። በሳምንት አንድ ቀን በብዛት ከመብላት ይልቅ በየቀኑ ጥቂት መብላት ይሻላል።

አትክልት ብዙ አሰር አለው። አሰር የሆድ ድርቀትን ይቀንሳል፣ ምግብ ከተበላ በኋላ የደም ስኳር በፍጥነት እንዳይወጣ ያግዛል፣ ቶሎም ያጠግባል። ቅጠላ ቅጠል ለነፍሰ ጡር ሴት የሚያስፈልገውን ፎሌት ይሰጣል። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ደግሞ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይይዛሉ።

ሥራውም ራሱ እንቅስቃሴ ነው። ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ መቆፈር፣ መኮትኮትና ውሃ መቅዳት ከዚህ ይቆጠራሉ። ከረጅም ሕመም የሚያገግም ሰው በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሆነ ቀላል ሥራ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሊጨምር ይችላል።

በአገራችን የጓሮ አትክልትን ከሕክምና ጋር ያያያዘ ልምድም አለ። ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሴቶችና ለልጆቻቸው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተካሄደ የከተማ ጓሮ ፕሮግራም፣ ሰፊ መሬት የሌላቸው ቤተሰቦች በጠባብ ቦታ አትክልት እያመረቱ ለምግብም ለገቢም እንዲያውሉ ረድቷል።

በአርሲ ደጋ ምን ይተከል?

ቅዝቃዜ የሚወዱ አትክልቶች በአሰላና በአካባቢዋ ጥሩ ይሆናሉ። የሚከተለው ጊዜ ግምት ነው፤ ከፍታው በጨመረና ብርዱ በበረታ ቁጥር ይዘገያል።

• የሐበሻ ጎመን፦ ቅጠሉ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ መቀንጠስ ይጀምራል። የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠሰ ለብዙ ሳምንታት ይቆያል።
• ቆስጣ፦ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ደጋግሞ ይቆረጣል።
• ሰላጣ፦ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። በጥሬው ስለሚበላ የውሃው ንጽህና ከሁሉም በላይ ያሳስባል።
• ካሮትና ቀይ ስር፦ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃሉ። ካሮት በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራል እንጂ ችግኙ አይዛወርም።
• ጥቅል ጎመንና ድንች፦ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃሉ።
• ነጭ ሽንኩርት፦ ከአራት እስከ አምስት ወር ይቆያል።

ቲማቲምና ቃሪያ ሙቀት ይፈልጋሉ። በደጋ የሚሞክራቸው ሰው ፀሐይ የምትመታውና ከነፋስ የተከለለ ግድግዳ ጥግ ቢመርጥላቸው ይሻላል።

ለክረምቱ ዝናብ የጎመንና የጥቅል ጎመን ችግኝ በግንቦት ይፈላል፤ ዝናቡ ሲረጋ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ይዛወራል። አፈሩ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል። በእነዚህ ወራት ችግኙን ማታ ማታ በገለባ ወይም በአሮጌ ጨርቅ መሸፈንና ጠዋት መግለጥ ይጠቅማል። በበልግ ዝናብ ወራት ደግሞ እንደገና መዝራት ይቻላል።

ሁሉን በአንድ ቀን አይትከሉ። ጎመንና ቆስጣን በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢተክሉ ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ደርሶ አይባክንም፤ በአንድ ጊዜም አያልቅም።

ቦታ ወይም ጉልበት ለሚያንሰው ሰው

የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር ባይበልጥ ከሁለቱም በኩል ሳይረግጡት ይደርሱበታል። ጎንበስ ማለት የሚከብደው ወይም የወገብና የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው በድንጋይ ወይም በጣውላ ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ ተቀምጦ መሥራት ይችላል።

ተከራይ የሆነ ወይም ግቢው ሲሚንቶ የሆነ ሰው ጆንያ ይበቃዋል። አፈርና የበሰለ ፍግ ቀላቅለው ጆንያውን ይሙሉ፣ መሃሉ ላይ ውሃ እንዲሰርግ የጠጠር አምድ ያድርጉ፣ ከላይና በጎኑ በተበሱ ቀዳዳዎች ችግኝ ይትከሉ። አንድ ጆንያ ከአሥር በላይ የጎመን ወይም የቆስጣ ችግኝ ይይዛል። የማዳበሪያ ጆንያ ሲሆን ታጥቦ ይጠቅማል፤ ፀረ ተባይ የነበረበት ከረጢት ወይም ጣሳ ግን ለምንም ዓይነት ምግብ ማብቀያ አይሆንም።

የተለየ የጤና ሁኔታ ላለባቸው ሰዎች

የስኳር ሕመም

ከማዕዱ ግማሹን አትክልት፣ ሩቡን እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ገንፎ፣ ሩቡን ደግሞ እንደ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ያለ ምግብ ማድረግ ቀላል መመሪያ ነው። ድንች ከጓሮ ቢወጣም የሚቆጠረው ከዳቦና ከእንጀራ ጋር ነው። ድንች ወጥ በእንጀራ ሲበሉ የእንጀራውን መጠን ይቀንሱ። ካሮትና ቀይ ስር በመጠኑ ሲበሉ ችግር የለባቸውም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ሳይበላ ጓሮ ውስጥ ረጅም ሰዓት መሥራት የለበትም፤ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብርቱ ረሃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ኪስ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይያዙ።

የደም ግፊትና የልብ ሕመም

አትክልት ለግፊት ይጠቅማል፤ ጥቅሙን የሚያጠፋው ሲሠራ የሚጨመረው ጨው ነው። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመከራል። ይህ ዳቦ፣ ወጥና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ለጣዕም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠልና ሎሚ ይጠቀሙ። ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ማጣፈጫ ነው፤ «ግፊት ያወርዳል» ተብሎ ግን የታዘዘውን መድኃኒት ማቆም ለስትሮክ ያጋልጣል።

ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች

ዋርፋሪን ሰው ሠራሽ የልብ ቧንቧ መዝጊያ ለተገጠመላቸው፣ በቁርጥማት ሳቢያ የልብ በሽታ ለያዛቸው ለአንዳንድ ታካሚዎችና ደም ለረጋባቸው ሰዎች የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ላይ ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ ከሁሉም በላይ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች።

አደጋው የሚመጣው በለውጥ ነው። ከዚህ በፊት ጎመን በሳምንት አንዴ ይበላ የነበረ ታካሚ ጓሮው ሲደርስ በየቀኑ መብላት ከጀመረ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል፣ ደምም ሊረጋ ይችላል። በተቃራኒው የበጋው ውርጭ ጎመኑን ሲያጠፋው ወይም ታካሚው ቅጠል በድንገት ሲያቆም መድኃኒቱ ይበረታና መድማት ያስከትላል። በጾም ወራትም ተመሳሳይ ለውጥ ይከሰታል።

ስለዚህ ቅጠል መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ እንዲሆን ማድረግ ነው። ጓሮው ሊደርስ ሲል ወይም ጾም ሲገባ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ አይኤንአር የተባለውን የደም ምርመራ ቀረብ ባለ ጊዜ ሊያዝልዎት ይችላል። የመድኃኒቱን መጠን በራስዎ አይለውጡ።

የኩላሊት ሕመም

ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ በጣም ሲበዛ ልብን ሊያቆም ይችላል። ድንች፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ቀይ ስርና ቲማቲም ፖታሲየም አላቸው። ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱ ሰዎችም ፖታሲየማቸው ሊጨምር ስለሚችል ምርመራቸውን መከታተል አለባቸው።

ፖታሲየም እንዲቀንስ ከተነገረዎት ድንቹን ልጠው በትንንሹ ይክተፉ፣ በብዙ ውሃ ይቀቅሉ፣ ውሃውን ይድፉት። ይህ መጠኑን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ቆስጣና ቀይ ስር ስለማብዛቱ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የደም ማነስና እርግዝና

«ቀይ ስር ደም ይተካል» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። የቀይ ስር ቅላት ግን ከቀለሙ እንጂ ከአይረን የመጣ አይደለም። ጎመን ውስጥ ያለውንም አይረን ሰውነት የሚወስደው በጥቂቱ ነው። ምግቡ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያ መጨመር የበለጠ እንዲወሰድ ይረዳል፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ ቡናና ሻይ መጠጣት ግን ይከለክለዋል። ቡናውን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያዘግዩት። የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል የታዘዘላት እናት በአትክልት ተክታ እንክብሉን ማቆም የለባትም።

ቀይ ስር ከበሉ በኋላ ሽንት ወይም ሰገራ ሊቀላ ይችላል፤ ይህ ጉዳት የለውም። ቀይ ስር ሳይበሉ ከቀላ ግን ይመርመሩ።

ነፍሰ ጡር ሴት አፈር ስትነካ ጓንት ታድርግ፣ እጇንም በሳሙና ትታጠብ፤ በድመት ዓይነ ምድር የተበከለ አፈር ጽንሱን የሚጎዳ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተዋሕስያን ሊይዝ ይችላል። ጤና አዳም ለቡና ማጣፈጫ ያህል ከሚደረገው በላይ አፍልቶ ወይም ጨምቆ መጠጣት ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው።

ሕጻናት

ከስድስት ወር ጀምሮ በደንብ የበሰለና የተፈጨ ጎመን፣ ካሮት ወይም ዱባ በገንፎው ውስጥ ይቀላቀል፤ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበት። እንቁላልም ሲገኝ ይታከልበት። የጡት ወተት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች

የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝና የሲዲ4 ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ሰዎች አትክልቱን አብስለው መብላት ይመረጥላቸዋል።

ውሃ፣ ፍግና ንጽህና

ጓሮን በሽታ የሚያስገባበት ዋናው መንገድ ውሃ ነው። ከከተማ ቦይ፣ ከጋራዥ ወይም ከመጸዳጃ ቤት የሚወርድ ፍሳሽ አያጠጡ። የጣራ ዝናብ ውሃ በርሜል አጠራቅሞ መጠቀም ይቻላል፤ በርሜሉ ይከደን። ውሃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ሥር ያፍስሱ።

የላም፣ የበግና የዶሮ ፍግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከገለባና ከቅጠል ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ ከሦስት እስከ ስድስት ወር መብሰል አለበት። ትኩስ ፍግ በተለይ ለሰላጣና ለካሮት አይሆንም። የሰው ዓይነ ምድር ፈጽሞ አይጨመርም። ዶሮና ውሻ እንዳይገቡ መደቡን ይጠሩ።

ከመብላትዎ በፊት፦

• እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
• ቅጠሉን አንድ በአንድ ነጣጥለው፣ ንጹሕ በሚወርድ ውሃ ሥር እያሹ ያጥቡ። ከመክተፍዎ በፊት ይጠቡት እንጂ ከከተፉት በኋላ አይሁን።
• በጥሬው የሚበላውን ካጠቡት በኋላ እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በታከመ ውሃ ያለቅልቁት፤ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ። ክሎሪን የጥገኛ ትሎችን እንቁላል ስለማይገድል ማሸቱ አይቀርም።
• በኦሞ ወይም በሳሙና አትክልት አይጠቡ።
• የውሃው ምንጭ ካጠራጠረዎት አብስለው ይብሉ።

ፀረ ተባይ መድኃኒት

በስንዴ አገር ለማሳ የተገዛ ኬሚካል ቤት ውስጥ መገኘቱ አይቀርም። ለስንዴ የተሠራው ግን ለጎመን አይሆንም፤ ዛሬ ተረጭቶ ነገ የሚቀነጠስ ቅጠል ሰውን ይመርዛል። በቀለም የታሸ የዘር ስንዴም መድኃኒት የተቀባ ስለሆነ አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም።

ለትንሽ ጓሮ ኬሚካል ብዙም አያስፈልግም። ትሉን በእጅ መልቀም፣ ክሽክሽ የያዘውን ቅጠል ቆርጦ ማስወገድ፣ በሳሙና ውሃ መርጨትና ዓመት ዓመት የመደቡን ሰብል መቀያየር ብዙውን ችግር ይፈታል። የግድ ከሆነ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ፤ ከርጭት እስከ መቁረጥ ያለውን የተጻፈ የቀን ብዛት ያክብሩ። ኬሚካሉን በለስላሳ ጠርሙስ አይገልብጡ፣ ከምግብ ጋርም አያስቀምጡ።

ጫማ፣ እግርና ቁስል

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ያስከትላል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና በመታጠብ ይከላከሉታል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል እሾህ ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። የተሸፈነ ጫማ ያድርግ፣ ማታ መርገጫውንና በጣቶቹ መካከል ይመልከት ወይም ያስመልክት።

አፈር የነካው ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላል። ቁስሉን በብዙ ውሃና ሳሙና አጥበው ስለ ክትባት ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

አበሳሰልና አያያዝ

ጎመንን ለረጅም ሰዓት መቀቀልና ውሃውን መድፋት ፎሌትና ቫይታሚን ሲን ያባክናል። የኩላሊት ሕመም የሌለበት ቤተሰብ በትንሽ ውሃ ከድኖ ለአጭር ጊዜ ቢያበስለው ይሻላል። ጥቂት ዘይት ሲጨመር ቫይታሚን ኤ በደንብ ይወሰዳል። አዮዲን ያለው ጨው ይግዙ፣ ከድነው ያስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። ጎመንና ጥቅል ጎመን በብዛት በሚበላበት ቤት፣ እንቅርትን ለመከላከል ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ድንችን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። አረንጓዴ የሆነ ወይም በብዛት ያቆጠቆጠ ድንች መርዝ አለው፤ ማብሰል አያጠፋውም፤ ይጣሉት።

ወደ ጤና ተቋም መቼ መሄድ ያስፈልጋል?

የሚከተሉት ሲታዩ ሳይዘገዩ ይሂዱ፦

• ኬሚካል ከነኩ ወይም ከጠጡ በኋላ የምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ወይም የትንፋሽ ማጠር። ልብሱን ያውልቁ፣ ገላውን ያጥቡ፣ አያስመልሱት፣ ወተት አይስጡት፤ ጠርሙሱን ወይም መለያውን ይዘው ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።
• ዋርፋሪን በሚወስድ ሰው ላይ የማይቆም ነስር፣ የድድ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል።
• የኩላሊት ሕመም ባለበት ሰው ላይ የጡንቻ መድከም ወይም የልብ ምት መዛባት።
• ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ትኩሳት ወይም በሕጻን ላይ የዓይን መሰርጎድና መድከም።
• የስኳር ሕመም ባለበት ሰው እግር ላይ ማንኛውም ቁስል፣ ትንሽ ቢሆንም።
• የመንጋጋ መጠንከር ወይም ለመዋጥ መቸገር።

ለቀጣዩ የሕክምና ቀጠሮዎ በጓሮዎ ያለውን አትክልትና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚበሉት ጽፈው ይሂዱ። ይህች አጭር ዝርዝር ሐኪሙ መድኃኒትዎንና ምግብዎን አስማምቶ እንዲያይ ትረዳዋለች።